ሟቹ ይቆይ፣ ቦሎው ይታይ

ለንደን ከሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ጋር የእንግሊዞችን የድሮ ዘመን ድራማ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። አስከሬን ተገኝቶ፣ መርማሪው ባርኔጣውን አውልቆ፣ የሟች እናት ልታለቅስ አፏን ስትከፍት ሪሞቱን ያነሳና ምስሉን ቀጥ ያደርገዋል። «አየኸው? መስታወቱ ላይ ያለው ቦሎ የዘመኑ አይደለም እኮ!» እናትየዋ አፏን እንደከፈተች ትቀራለች።

ቦሎ የሚለው የመንገድ ታክስ መከፈሉን የሚያሳየውን ክብ ወረቀት ነው። ብሪታንያ ከ1921 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ መኪና ሁሉ እንዲለጥፈው ታስገድድ ነበር። የሚያበቃበት ወርና ዓመት ይጻፍበት ነበር። እንግዲህ «ሃርትቢት»ን የመሰለ፣ በ1990ዎቹ መተላለፍ ጀምሮ ስለ 1960ዎቹ ዮርክሺር የሚያወራ ድራማ፣ መኪናው ላይ የተቀረጸበትን ዓመት ቦሎ ይዞ ብቅ ቢል ለአማቼ ከግድያው የከፋ ወንጀል ነው።

ውሎ አድሮ ግን ገባኝ፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ሌላው ሕዝብ ታሪክ ሲከተል፣ ተዋናይ ሲያለቅስ አብሮ ሲነፋረቅ፣ እነሱ መዳፍ ለማትሞላ ወረቀት ዘብ ይቆማሉ።

ሕጉ ግን አላገዛቸውም። በሕዝብ መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና የዘንድሮውን ቦሎ ይለጥፍ ይል ነበር፤ ተመልካቹ ደግሞ የ1964ቱን አምጡ ይላል። የድራማው መኪና፣ ምስኪኗ ፎርድ አንግሊያ፣ ለየትኛው ትታዘዝ? በዚያ ላይ ከ1973 በፊት የተሠሩት መኪኖች ከታክስ ነጻ ከተደረጉም በኋላ ቦሎ መለጠፍ ነበረባቸው። ምንም ያልተከፈለበት ደረሰኝ! ይህን አልፈጠርኩትም፤ እንዲያ ነበር።

እኔ መፍትሔ አለኝ። ድራማው ከቦሎው ይጀምር። ወረቀቱ መጀመሪያ ለአምስት ደቂቃ ይታይ፤ ተመልካቹም መነጽሩን ወልውሎ ወሩን፣ ዓመቱንና የታርጋ ቁጥሩን ያመሳክር። «ኤንዴቨር» በሚባለው ድራማ ላይ ወጣቱ መርማሪ ሞርስ በጥቁሩ ጃጓር ገዳይ ሲያሳድድ፣ ኦክስፎርድ መሐል ላይ ያስቁመውና ወርዶ መስታወቱን ይመርምር። ገዳዩም ጨዋ ከሆነ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። ቦሎው የታሪኩ ዘመን፣ የ1967 ሆኖ ከተገኘ ይቅርታ ተጠይቆ፣ መልካም መንገድ ተብሎ ይሸኝ። የ1997 ከሆነ ግን ካቴና ይግባለት፤ ፍርድ ቤት ይቅረብ። ዐቃቤ ሕጉ ስለ ሟቹ አንዲት ቃል አይተንፍስ፤ ጉዳዩን ያጓትታል። የሟች እናት ለምስክርነት ስትጠራ «ልጅሽ የሞተው በማን እጅ ነው?» አትባልም፤ «የልጅሽ መኪና ቦሎ ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር?» ትባላለች እንጂ። ካላስታወሰች ተባባሪ ናት። በዓመቱ መጨረሻም የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ለወረቀቱ ይሰጥ፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ማንንም አያመሰግንም፣ ሰዓትም አያባክንም።

በድራማው የ1960ዎቹ ቤት ጣሪያ ላይ የተረሳው የሳተላይት ዲሽ ደግሞ ለሚቀጥለው ክፍል ይደር።

ደግሞ እኮ ሴትየዋ ልጇ ሞቶባታል! አልቅሳ ትጨርስ እንጂ! ድራማ የሚሠራው ለሰው ነው፤ ለወረቀት አይደለም። ማየት የማይፈልግ ሰው ሪሞቱን ለሚያይ ይስጥ።

ለነገሩ ብሪታንያ ራሷ ወረቀቱን ከኦክቶበር 1 ቀን 2014 ጀምሮ አስቀርታዋለች። ታክስ መከፈሉን አሁን ካሜራ ታርጋ እያነበበ ያጣራል። በመንገድ ላይ ማንም እንዲለጥፈው የማይገደድ ወረቀት፣ ጥብቅ ጠባቂ የቀረለት ሳሎን ውስጥ ብቻ ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው መኪና ከታክስ ነጻ ነው፤ ባለቤቱ ግን ዛሬም በየዓመቱ ታክሱን ማሳደስ አለበት። ሂሳቡ ዜሮ ፓውንድ ነው።