«እዚያ አገር ውሰዱኝ» ላለኝ አንባቢ

«ጋሼ፣ አስፈሪ መጽሐፍ ነው ብለው ነው የሰጡኝ። እኔ ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ እዚያ አገር ቢወስዱኝ ተመልሼ አልመጣም።»

ይህን ያለኝ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር። ያነበበው አሜሪካዊቷ ሎይስ ሎሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመችውን «ዘ ጊቨር» ነው። ለወጣቶች የተጻፈ፣ ወደፊት ሊመጣ ስለሚችል አገር የሚተርክ ልብ ወለድ። በዚያ አገር ረሃብ የለም፣ ጦርነት የለም፣ ሥራ ፈት የለም። ምግብ ደጅ ድረስ ይመጣል። ልጅ አሥራ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ ሽማግሌዎች የዕድሜ ልክ ሥራውን ይመድቡለታል። ቀለም ጠፍቷል፤ ሙዚቃ ጠፍቷል፤ ኮረብታው ሳይቀር ተደልድሏል። ያለፈውን ዘመን የሚያስታውሰው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ጆናስ የተባለው ልጅ ደግሞ የእሱ ወራሽ እንዲሆን ይመረጣል።

የልጁን ምኞት አልነቅፍበትም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ጎጃም ውስጥ ያደገ ልጅ ሰላም አማረኝ ቢል ማን ይፈርድበታል? አስተያየቱን ግን እንዳለ አልዋጥኩትም። እሱ ሲወረውር እኔ ስመልስ አመሸን።

«ጦርነት የለም አይደል?» አለ።

የለም። የሌለው ግን ሰዉ ሁሉ ስለረሳው ነው። አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። እዚያ አገር የወጋውም የተወጋውም ረስተዋል፤ ቁስሉን የተሸከመው በዚያ ጦርነት ያልነበረ አንድ ሽማግሌ ነው። ሕመሙ ሲነሳበት ብቻውን ይሠቃያል፤ ጎረቤቶቹ ምን እንደሚያመው እንኳ አያውቁም። የኛውን ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁን ደግሞ ተመልከት፤ አንተ ባደግክበት በደብረ ኤልያስ ተምሯል። ከራስ እምሩ ጋር ዘምቶ፣ ተማርኮ፣ ጣሊያን አገር ፖንዛና ሊፓሪ በሚባሉ ደሴቶች ታስሮ ተመልሷል። ያየውን «ትዝታ» ብሎ ጻፈልን። ሕመሙን ለብቻው ይዞት ቢቀር ለእሱ ቀላል አልነበረም፤ ለእኛም ኪሳራ ነበር።

«ረሃብስ? አያቴ የሰባ ሰባቱን ስታወራ ታለቅሳለች። እዚያ የሚያለቅስ የለም።»

መጽሐፉን በደንብ አንብበኸዋል፤ ይቺን ግን አልፈሃታል። ሠራተኛ እንዲበዛ ወላጅ ሴቶች አንድ አንድ ልጅ ይጨምሩ ተብሎ ለሽማግሌዎቹ ሸንጎ ማመልከቻ የቀረበበት ቦታ አለ። ሸንጎው የዚያን የትዝታ ባለቤት ምክር ጠየቀ። እሱም አይሆንም አላቸው። ለምን? ከብዙ ትውልድ በፊት ሰው ከእህል በላይ ሲበዛ የመጣውን ረሃብና እሱን ተከትሎ የመጣውን ጦርነት የሚያስታውሰው እሱ ብቻ ስለሆነ። እንግዲህ ያ ጥጋብ የቆመው በረሃብ ትዝታ ላይ ነው። አያትህ ስታለቅስ ተቀምጠህ ስማት።

«ሥራስ፣ ጋሼ? በ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተፈተነው ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። የተመረቀውም ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እዚያ ግን ሁሉም ይመደባል።»

ይመደባል። ወላጅ እንድትሆን የተመደበችዋ ሴት ሦስት ልጅ ትወልዳለች፤ አንዱንም አታሳድግም። ከሦስተኛው በኋላ እስክታረጅ ድረስ የጉልበት ሠራተኛ ትሆናለች። እምቢ የምትልበት ደጅ የላትም። እኅትህ እዚያ ብትመደብ ውሰዱኝ ትል ነበር? የኛ ልጆች ሥራ ማጣት የሚያንገበግብ ነገር ነው፤ መልሱ ግን ሥራ መፍጠር ነው እንጂ ሰውን ከነዕድሜው ማስረከብ አይደለም።

በአሥራ ሁለት ዓመቱ መንገዱን የሚመርጥ ልጅ ማየት ከፈለግክ ሩቅ አትሂድ። አገርህ የቅኔ አገር ነው፤ ዮፍታሔ ንጉሤን ያወጣ ደብር ነው። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ አንዳንዴም ለወላጆቹ ሳይናገር ከቤት ይወጣል።

«የቆሎ ተማሪን ሕይወት አያሳምሩት፣ ጋሼ። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ውሻ ሲነክሰው አይቻለሁ።»

አላሳምርም። ውሻውም እውነት ነው፤ እከኩም እውነት ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ የቀሩ ልጆችም ነበሩ። ነገር ግን ልጁ ከአንዱ የኔታ ካልተስማማ ተነስቶ ይሄዳል፤ ዲማ ይሄዳል፣ ዋሸራ ይሄዳል፣ ጎንጅ ይሄዳል። ደግሞ ማታ ምን እንደሚሠራ ተመልከት። ደበሎውን ተከናንቦ ጨለማ ውስጥ ቅኔ ይቆጥራል። አንድ ቃል ያነሳል፣ ይጥላል፤ ቤቱ አልመታ ሲለው እንደገና ይጀምራል። ሲነጋ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ አንዲቱን ቃል ይነቅሉና ሌላ ይተክሉባታል፤ ሰሙ ከወርቁ ይገጥማል። ትናንት የተነገረውን ዛሬ ደግሞ ቢያመጣ ማንም አይሰማውም። የጆናስ አገር ሕግ ሁሉም ነገር እንደ ትናንቱ ይሁን የሚል ነው፤ የቅኔ ቤት ሕግ የትናንቱ አይደገም የሚል ነው። አንተ በዚህኛው ሕግ በሚኖር ደብር አድገህ ያኛውን ናፈቅክ?

«አንድ ዓይነት መሆን እኮ እኩልነት ነው» አለ ቀጠለና።

እዚህ ላይ ተቆጣሁ። በአገራችን ተሞክሯልና። በደርግ ዘመን መንደር ምሥረታ የሚባል ነገር መጣ፤ ጎጃምም ደረሰ። ገበሬው ቤትህን አፍርስ ተባለ። ማገሩንና ምሰሶውን ተሸክሞ ካድሬ ባሰመረለት መስመር ላይ እንደ ጎረቤቱ አድርጎ እንዲተክል ታዘዘ። ውሃ ይቀርብሃል፣ ክሊኒክ ይቀርብሃል፣ ትምህርት ቤት ይቀርብሃል ተባለ። በመላ አገሪቱ የፈለሰው ሕዝብ በሚሊዮን ይቆጠራል። ብዙ ቦታ ውሃውም ክሊኒኩም ሳይደርስ ቀረ፤ ማሳው ግን ከገበሬው ራቀ። ሰብሉን ከዝንጀሮ የሚጠብቅ፣ ከብቱን በዓይኑ የሚያይ ጠፋ። ቤቶቹ እኩል ሆነው ነበር፤ ሰዎቹ ግን እኩል አልሆኑም፤ መስመሩን ያሰመረው ሰው እዚያ መስመር ላይ አልኖረማ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው ምን አደረገ? ያንኑ ምሰሶ ነቅሎ ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ማንም ቅስቀሳ አላስፈለገውም። ሰፈሩ የት እንደነበር፣ ጥላው የትኛው ዛፍ ሥር እንደነበር ያስታውስ ነበር። ትዝታው ተወስዶበት ቢሆን ኖሮ ወዴት ይመለስ ነበር?

«እሺ፣ ግን የፈረንጅ የልጆች መጽሐፍ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያከራክራል?»

ለልጅ መጻፉ ቀላል አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከትምህርት ቤትና ከቤተ መጻሕፍት ይውጡልን ተብለው አቤቱታ ከበዛባቸው መጻሕፍት አንዱ ይኸው ነው። የፈረንጅ ብቻም አይደለም። የጎጃሙ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን ሲያሳትም በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ በድንቁርናና በግፍ ወደተሞላ አገር አልመጣም ብሎ ሲሟገት አሳይቶናል። መጽሐፉ ታገደ። በሎሪ መጽሐፍ የማይፈለገውን ሕፃን ሌሎች ያስወግዱታል፤ በአቤ መጽሐፍ ሕፃኑ ራሱ አገሩን አልፈልግም ይላል። ሁለቱም የሚጠይቁት የሰው ልጅ የሚወለድበት አገር ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ነው። አቤ ይህን የጠየቀው ሎሪ ከመጻፏ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ ነው።

ልጁ ትንሽ አሰበና «እኔ የምለው በአጭሩ ጎመን በጤና ነው» አለ።

ጎመኑን ራስህ ዘርተህ፣ ራስህ ቀንጥሰህ ከበላኸው ጎመን በጤና። ሌላው መርጦና መጥኖ ሲያጎርስህ ግን ጎመኑም የሱ፣ ጤናውም የሱ ነው፤ የፈለገ ቀን ሁለቱንም ይወስዳቸዋል። የጆናስ አባት ሥራው ሕፃናትን መንከባከብ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ሕፃን እያቀፈ ያጫውታል። አንድ ቀን መንታዎች ተወለዱ፤ ሕጉ አንዱ ብቻ ይቅር ይላል። ሁለቱንም መዘናቸው። ከበድ ያለውን ለባልደረባው ሰጠ። ቀለል ያለውን አስተኛውና ግንባሩ ላይ ያለችውን ቀጭን ሥር ፈልጎ እያባበለ መርፌ ወጋው። ሕፃኑ እጅ እግሩን አንፈራገጠ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። አባትየው ሬሳውን ካርቶን ውስጥ ከቶ፣ ግድግዳው ላይ ባለው ቀዳዳ ሰደደውና በደስታ ድምፅ ተሰናበተው። የሠራው ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ከሽማግሌው በቀር ሞትን የሚያስታውስ ሰው ስለሌለ ለሱ ይህ እንደማንኛውም የሥራ ቀን ነው። የምትመኘው ሰላም ይኸውልህ። መንታ ሆነህ ብትወለድና ሚዛኑ ላይ ብትቀልል አንተም ካርቶኑ ውስጥ ነህ።

«ያንን ምዕራፍ ሮጥ አድርጌ ነበር ያለፍኩት» አለኝ።

እንግዲያው አስተያየትህን ያዘውና ምዕራፍ 19ን ቀስ ብለህ ድገመው፤ ከዚያ ውሰዱኝ ካልክ አንከራከርም።

ለሌሎቻችሁም የምለው አለኝ። በደብረ ኤልያስም ሆነ በደብረ ማርቆስ የምታስተምሩ የቋንቋ መምህራን፣ ይህን መጽሐፍ ከ«አልወለድም» ጋር አጣምራችሁ ለተማሪዎቻችሁ ስጧቸውና አከራክሯቸው። ቅኔ ቤት ያለፋችሁ ወጣት ጸሐፊዎች ደግሞ፣ ነገ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ አገር በእኛው ደጋ፣ በእኛው መንደር፣ በእኛው አማርኛ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጻፉለት። የሚያነብ ልጅ አለ።