ላይ ቤት፣ ታች ቤት እና ስውር ቤት
በስታር ትሬክ ተወዳጅ ክፍሎች ላይ የቀረበ አጭር ሐተታ

መነሻ

እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ የታየው ስታር ትሬክ 79 ክፍሎች አሉት። ቁጥሩ የታወቀ ነው፤ አያድግም፣ አይቀንስም። ስለዚህ «ከሁሉ የምትወደው የትኛውን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ እልባት ማግኘት ነበረበት። ነገር ግን ተከታታዩ ካበቃ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎ ጉባኤው አልተበተነም። ይህ ሐተታ ክርክሩን የመፍታት ዓላማ የለውም፤ ተከራካሪዎቹን በየወንበራቸው ማስቀመጥ ብቻ ይሻል።

ለጀማሪ ያህል፦ ኢንተርፕራይዝ የተባለችው የጠፈር መርከብ 430 ሰው ትይዛለች። አዛዧ ካፒቴን ከርክ ነው። ምክትሉ ስፖክ በአባቱ ከፕላኔት ቮልካን ስለሚወለድ ጆሮው ሾጣጣ ነው፤ ስሜቱንም በአመክንዮ ይገዛል። ሐኪሙ ማኮይ የሁለቱን ጉድለት በቁጣ ይሞላል። መርከቧ የአምስት ዓመት ተልእኮ ተሰጥቷት በሦስተኛው ዓመት ከአየር ወርዳለች፤ ቀሪው ሁለት ዓመት በዚህ ጥናት አልተካተተም።

ዘዴው ቀላል ነው። ወዳጁ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፤ አንዴ ሰው በተሰበሰበበት፣ አንዴ ለብቻው። ሁለቱ መልሶች ስለማይገጥሙ ሁለቱም እንደ እውነት ተወስደዋል።

ላይ ቤት

ሰው በተሰበሰበበት ሲጠየቅ «በዘላለም ዳርቻ ያለች ከተማ» ብሎ የሚመልስ የላይ ቤት ተማሪ ነው። ይህ ክፍል የታየው ሚያዝያ 6 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. ነበር። ማኮይ በስሕተት ራሱን መድኃኒት ወግቶ ያብዳል፤ በጊዜ በር ዘሎም ያለፈውን ታሪክ ያበላሻል። ከርክና ስፖክ ተከትለውት የ1930 ኒውዮርክ ይገባሉ። እዚያ ከርክ ለድሆች ሾርባ የምታበላ ኢዲት ኪለር የተባለች ደግ ሴት ይወዳል። ችግሩ፣ ሴትዮዋ በመኪና ካልተገጨች የሰላም ንቅናቄዋ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምትገባበትን ጊዜ ያዘገየዋል፤ ጀርመንም ታሸንፋለች። ስለዚህ ማኮይ ሊያድናት ሲሮጥ ከርክ ይይዘዋል።

የላይ ቤት ሊቃውንት ይህን ክፍል ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በዚያው ክፍል ስፖክ ጆሮውን በሹራብ ቆብ መሸፈኑንና ከርክ ለፖሊስ «ሩዝ መልቀሚያ ማሽን ያዘው» ብሎ ማስረዳቱን አያነሡም። ደራሲው ሃርላን ኤሊሰን ጽሑፉ ተነክቶብኛል ብሎ ከአዘጋጁ ከጂን ሮደንቤሪ ጋር ተቀያይሟል። በኋላ የተቀየረው ፊልም የሁጎን ሽልማት ወሰደ፤ ያልተቀየረው ጽሑፍ ደግሞ የደራስያን ማኅበሩን ሽልማት። ሁለቱም ወገን ትክክል ነበር ተብሎ በዋንጫ የተመሰከረበት ጠብ ብዙ አይገኝም።

ታች ቤት

ለብቻው ሲጠየቅ ያው ሰው «የትሪብሎች ጣጣ» ይላል። ይህኛው ታኅሣሥ 29 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. ታየ። ትሪብል ፀጉራም፣ ክብ፣ እግርና ፊት የሌለው፣ ሲዳስሱት የሚያንኮራፋ ፍጥረት ነው። ይበላል፤ ይወልዳል። ማኮይ መርምሮ የደረሰበት ድምዳሜ፣ ትሪብል ሲወለድም እርጉዝ ነው የሚል ነው። እንስሶቹ መርከቧን ሞልተው፣ የጠፈር ጣቢያውን የእህል ጎተራ ወረው፣ በመጨረሻ ጎተራው ሲከፈት በከርክ ራስ ላይ ይዘንባሉ።

ላይ ቤቶች ይህን «ቀልድ ነው» ብለው ያልፉታል። የታች ቤት መልስ ግን ሒሳብ ነው። ስፖክ በጎተራው ውስጥ 1,771,561 ትሪብሎች እንዳሉ ይናገራል። መነሻው አንድ ትሪብል፣ በየ12 ሰዓቱ በአማካይ አሥር ልጅ፣ ለሦስት ቀን ነው። በእያንዳንዱ ዙር እናቲቱና አሥሩ ልጆቿ 11 ይሆናሉ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ዙር አለ፤ 11 ለስድስት ጊዜ በራሱ ቢባዛ 1,771,561 ይመጣል። አንድም ትሪብል አልጎደለም። በአንጻሩ ላይ ቤቶች የሚያከብሩት ክፍል ስለ ጊዜ በሩ አሠራር አንድ ስሌት አላቀረበም፤ በሩ ራሱ ይናገራል፣ ያም በቂ ሆኗል። እንግዲህ ሳይንሱ ያለው ሳቅ ባለበት ነው፤ ላይ ቤቶች እንባቸውን ጠርገው ቢደምሩ ይደርሱበት ነበር።

የሽማግሎች ወገን

በሁለቱ ቤቶች መካከል ትዳር አይተው የሚያውቁ ሰዎች ተቀምጠዋል። እነዚህ የሚመርጡት መስከረም 15 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. የታየውን «አሞክ ታይም» ነው። ስፖክ በሰባት ዓመቱ የታጨችለትን ቲፕሪንግን ካላገባ ይሞታል። ሠርጉ ላይ ሙሽሪት ፍልሚያ ትጠይቃለች፤ ስለ እሷ የሚዋጋውም የሙሽራው ሚዜ ከርክ እንዲሆን ትመርጣለች። ስሌቷ ይህ ነው፦ ከርክ ቢያሸንፍ አይፈልጋትም፤ ስፖክ ቢያሸንፍ ስለደፈረችው ይለቃታል፤ በየትኛውም መንገድ የምትወደው ስቶን ይቀርላታል። ስፖክ እንከን የሌለው አመክንዮ ነው ብሎ ያደንቃታል። ከመርከቧ 430 ሰዎች አንድም የረባ ሽማግሌ አለመላኩ እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

ስለ ቀይ ልብስ አንድምታ

ንባቡ «ቀይ ለብሶ የወረደ አይመለስም» ይላል። አንድም፦ ቀይ የጥበቃ ልብስ ነው፤ ጠባቂ ከፊት ይሄዳልና ቀድሞ ይመታል። አንድም፦ ከርክ፣ ስፖክና ማኮይ በሚቀጥለው ሳምንት ይፈለጋሉ፤ አደጋው ግን ባዶ እጁን እንዳይመለስ ስሙ ያልተያዘ ሰው ይሰጠዋል። አንድም፦ ፕላኔቱ አደገኛ መሆኑን በሕይወት ያለ ሰው ሊያስረዳ አይችልም።

«ኢንጂነር ስኮትና ኡሁራ ቀይ ለብሰው ኖረዋል» የሚል ጠያቂ ቢነሣ፣ «ዘ ቼንጅሊንግ» የተባለውን ክፍል ይመልከት። ስኮት በዚያ ሞቶ ተነሥቷል፤ ኡሁራም ያወቀችው ሁሉ ከአእምሮዋ ተደምስሶ እንደገና ማንበብ ተምራለች። ንባቡ አልፈረሰም።

ስውር ቤት

ሦስተኛው ቤት አባልነቱን የሚያምን የለውም። ታሪኩ የሚጀምረው ከልመና ነው። ተከታታዩ ሊቋረጥ ነው ሲባል ተመልካቾች ኤንቢሲን በደብዳቤ አጥለቀለቁት። ጣቢያው ሰማ፤ ሦስተኛውን ዓመት ፈቀደ። መስከረም 20 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ለለማኞቹ የመጀመሪያው ስጦታ ቀረበ፦ «የስፖክ አንጎል»።

በዚህ ክፍል አንዲት ሴት መርከቧ ውስጥ ገብታ የስፖክን አንጎል ሰርቃ ትሄዳለች። ከመሬት በታች ያለውን ከተማዋን የሚያንቀሳቅስ አንጎል ያስፈልጋታል። ማኮይ ባዶውን ስፖክ በሪሞት እየነዳ ይዞት ይወርዳል። ከዚያ እውቀት የሚሰጥ ቆብ ደፍቶ አንጎሉን መመለስ ይጀምራል፤ መሐል ላይ እውቀቱ ይጠፋበታል፤ የመናገሪያው ሥር ቀድሞ ስለተገናኘለት ስፖክ ራሱ ተኝቶ ቀዶ ሕክምናውን ይመራል። ጽሑፉ ሊ ክሮኒን በሚል የብዕር ስም ወጣ። ባለቤቱ ጂን ኩን ነው፤ ከምርጦቹ የሚቆጠረውን «በጨለማ ያለው ሰይጣን»ን በእውነተኛ ስሙ የጻፈው ያው ሰው። የብዕር ስም ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይቀርብም።

ይህን ክፍል «እወደዋለሁ» የሚል የለም። ሆኖም ስሙ ሲነሣ ሁሉም ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይተርከዋል፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል። ስለ ኢዲት ኪለር የሚያወሩት ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብለው ዝም ይላሉ።

ማጠቃለያ

«ከተማ»ን መውደድ ለወዳጅነት ማስረጃ አይሆንም፤ ደህና ነገር ማንም መንገደኛ ይወዳል። ትሪብልን መውደድም እንዲሁ፤ ሆድ ያለው ሁሉ ይስቃል። ዘመድ የሚለየው ክፍሉ መጥፎ መሆኑን በአምስተኛው ደቂቃ አውቆ ሃምሳውንም በመቆየቱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው እንዲሻሻል ሐሳብ ቀርቧል። ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው የትኛውን ክፍል እንደሚወድ መጠየቁ ቀርቶ የትኛውን እንደቻለ ይጠየቅ። «ሁሉንም» ካለ ወንበር ይሰጠው።