ሁሉ የሚያክመው በሽታ

አራዳ ላይ ጥርሱን የታመመ ሰው ጥርስ ሐኪም ይፈልጋል፤ ዓይኑ የደከመበት መነጽር ቤት ይገባል። መጠጥ የያዘው ሰው ግን ሐኪም ፍለጋ አይደክምም፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይመጡለታል። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያገኙታል፣ ዕድር ስብሰባ ላይ ይይዙታል፣ አንዳንዶቹማ ብርጭቋቸውን እንደጨበጡ ከጎኑ ተቀምጠው ያክሙታል። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ፣ ምርመራ የለ። ማዘዣው ግን ረዥም ነው።

የመጀመሪያዋ መድኃኒት ሚስት ናት። «ቢያገባ ይሰክናል» ይባላል። ሽማግሌ ይላካል፣ ድንኳን ይጣላል፣ መጠጥ ይተው ተብሎ በተደገሰለት ሠርግ ላይ ውስኪው በካርቶን ይወርዳል። ዓመት ያልፋል፤ ሙሽራው እንደነበረ ነው። ማዘዣው ይታደሳል፦ «ልጅ ቢወልድ ይሻለዋል።» ልጅ ይወለዳል፤ አባት የምሥራቹን ለጓደኞቹ ሊያበስር እንደወጣ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ያቺ ምስኪን ሳትሠለጥን፣ ደመወዝ ሳይቆረጥላት የሱስ ሐኪም ሆና ዕድሜዋን ስትጨርስ፣ «ምናለ ትንሽ ብትታገሺው» የሚላትም ያው መካሪ ነው።

ሁለተኛው ማዘዣ ከሰፈር ማራቅ ነው። «ጓደኞቹ ናቸው ያበላሹት» ይላሉ እናት። የጓደኛው እናትም ስለ እሳቸው ልጅ ያንኑ ይላሉ። የእናቶቹን ቃል ሁሉ ለሰበሰበ ሰው፣ በሰፈሩ የተበላሸ እንጂ ያበላሸ አይገኝም። ይህ ማዘዣ ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. ሳይታሰብ በሰፊው ተሞከረ። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ግሮሰሪውም፣ ጠጅ ቤቱም፣ የማለዳ አረቄ የሚቀዳባት ጠባብ ክፍልም አብረው ሄዱ። ታዲያ ሱስ ምትክ ቤት ለማግኘት ወረፋ አልያዘም። ተነሺው አዲሱን ኮንዶሚኒየም ሳይለምድ፣ ሱሱ ከሕንፃው ሥር ያለውን ግሮሰሪ ለምዶ ጠበቀው።

ሦስተኛው ግዝት ነው። ጠጪው በንስሐ አባቱ ፊት ይገዘታል፣ ለጊዮርጊስ ይሳላል። ሁዳዴን 55 ቀን ሳይቀምስ ይከርምና «ሱሰኛ ብሆን ይሄን ሁሉ ቀን እንዴት ቻልኩት?» ብሎ ይሟገታል። ፋሲካ ሲገባ የከረመውን ሒሳብ በአንድ ሌሊት ያወራርዳል። እምነት ለብዙ ሰው ብርታት መሆኑን ማንም አይክድም፤ ችግሩ ፀበልና ክኒንን ደመኛ አድርገን ማቆማችን ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው እንደሚወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል። እኛ ግን ዛሬም አንዱን ለመጀመር ሌላውን እንጥላለን።

አራተኛው ሐኪም ጠጪው ጓደኛ ነው። የእሱ ሕክምና በመቀየር ያምናል፦ «አረቄውን ተውና ቢራ ያዝ»፤ «መጠጡን ተውና ቃም።» የተመከረው ሰው ቀን ይቅማል፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይወጣል፤ ጠዋት አንጎበር ይነሣል፤ ለአንጎበሩ መፍቻ አንድ መለኪያ ይወስዳል፤ ለድብርቱ ደግሞ ወደ ጫቱ ይመለሳል። ሃያ አራት ሰዓት የማይዘጋ ክሊኒክ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉም አደገኛው «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ አቁም!» የሚለው ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰውነት በድንገት ሲቋረጥበት ያምፃል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይፈስሳል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል። ይህ ሳይታከም ሲቀር ሊገድል ይችላል። ዘመድ ግን «ሊለቀው ነው፣ ተቁነጠነጠ» ብሎ በሩን ቆልፎበት ይጸልያል። ሐኪም ቢያየው እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት በልክ ይሰጠዋል፣ መጠጡ ያሟጠጠበትን ቫይታሚን ቢ1 ይተካለታል፣ ከዚያ ዋናው ሥራ የሆነውን የምክር ሕክምና ይጀምርለታል። ጫትን ለማስተው የታወቀ ክኒን የለም፤ እዚያም ሥራውን የሚሠራው ምክሩና ክትትሉ ነው።

ታዲያ ወደ ባለሙያው የማንሄደው ለምንድነው? መልሱ አንድ ስም ነው፤ አማኑኤል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበር፣ ስሙ ሕክምና መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆነ። በሽተኛው «እብድ ነኝ እንዴ?» ይላል። ቤተሰቡ «ሰው ቢያየንስ?» ይላል። ሰውዬው ቦይ አጠገብ ተኝቶ ሲያድር፣ ጫማውን ጥሎ ሲመጣ፣ ሌሊት በር ሲደበድብ ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። ይህ ሁሉ ያላሳፈረው ቤተሰብ፣ የሆስፒታል በር ላይ ካርድ ይዞ መታየትን ያፍራል!

ደግሞ አማኑኤል ብቻ አይደለም። የሱስ ሕክምና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም አለ፤ በግል የሚሠሩ የአእምሮ ሐኪሞችም አሉ። እውነት ነው፣ ባለሙያው ጥቂት፣ አልጋው ያነሰ፣ ወረፋው ረዥም ነው። ለዘመድ ምክር የከፈልነው ዓመት ግን ከየትኛውም ወረፋ ይረዝማል። ምርመራው ራሱ ከጥያቄ ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የመጠጥ መጠይቅ 10 ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከአሥሩ አንዱም ጠዋት ለመነሣት መጠጥ ያስፈልግህ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ለአንጎበር መፍቻ የምንላትን ያቺን መለኪያ ሐኪሙ በሌላ ዓይን ያያታል።

አንድ ፍርደ ገምድልነታችንም ይታወስ። ታክሞ የወጣ ሰው አንድ ቀን ተሳስቶ ቢቀምስ «ሐኪም ቤት አይረባም» ብለን እንፈርዳለን። አምስት ግዝት የፈረሰበትን፣ ትዳሩ ያላዳነውን፣ ሰፈር ቀይሮ ያልተለወጠውን ስናይ ግን ማዘዣችንን አንጠራጠርም። ሱስ ተመላላሽ ሕመም ነው፤ ሲያገረሽ ወደ ሐኪሙ ይመለሷል እንጂ ሐኪሙን አይተዉትም።

ስለዚህ የለቅሶ ቤትና የግሮሰሪ ሐኪሞች ሁላችን፣ ፈቃድ የሌለው ክሊኒካችንን እንዝጋ። ከእንግዲህ መጠጥ ወይም ጫት ላሸነፈው ወንድማችን የምንሰጠው ምክር ይህ ብቻ ይሁን፦ «ነገ ጠዋት አብሬህ እሄዳለሁ፤ ካርድ እናውጣ።»