ቤቱን ለማን ነው ያከራዩት?

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ቁጭ ብዬ ቡናዬን ብጠጣ ምን ነበረበት? በሰፈራችን የመኪና ስፖኪዮ መሰረቅ በዛ፤ የሰርቪሴ ተከራይ ደግሞ ማታ ቦርሳ አንግቶ ወጥቶ ጎህ ሲቀድ የሚገባ ልጅ ነው። ያው እንደምታውቁኝ ለጥርጣሬ ፈጣን ነኝ፣ ኮቴን ደርቤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። (ኮቱ ቁም ነገረኛ ያስመስለኛል ብዬ ነው እንጂ ፀሐዩስ አናት ይበሳል።)

ተረኛዋ ፖሊስ ወንበር ሰጠችኝ።

«እሺ ጋሼ፣ ቤቱን ለማን ነው ያከራዩት?»

«በአራት ሺህ ብር።»

«ለማን ነው ያልኩት።»

«ለ... ለልጁ።»

ሙሉ ስሙን ደላላው ያውቃል አልኩ። ተደወለለት፤ እሱ የሚያውቀው ኮሚሽኑን ብቻ ነው። የመታወቂያ ኮፒ? ዝም። ውል? ኮቱ ባሰብኝ። ልጁ በገባ ሰሞን «ውል እንጻፍ» ሲለኝ፣ የኪራይ ግብሩ ታይቶኝ «አባትና ልጅ ምን ውል ያስፈልገዋል!» ብዬው ነበር።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሌባ ቤት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው መታወቂያ የማይጠይቅ አከራይን ነው አለችኝ። የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ አከራይ የተከራዩን ማንነት መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያዝዝ ነበር። በ2012 በሌላ አዋጅ ተተክቷል፤ እኔ ግን የመጀመሪያውንም ገና መስማቴ ነው። ሞባይል ተሰርቀው የመጡ አንዲት እናት የራሳቸውን ትተው ለእኔ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ፎርም ይዤ ተመለስኩና የልጁን በር አንኳኳሁ። እያዛጋ ከፈተ። ዳቦ ጋጋሪ ነው ለካ፤ ቦርሳው የሥራ ልብስ ነው። ጠዋት ጠዋት የምበላውን ትኩስ ዳቦ እሱ እንደሚያመጣው ባለቤቴ ታውቃለች፤ እኔ ጠይቄም አላውቅ።

ፋይዳውን አውጥቶ ፎርሙን ሞላና፣ «ጋሼ፣ እኔስ የእርስዎን መታወቂያና የቤቱን ካርታ ልይ?» አለኝ። በትህትና ነው ያለው፣ እሱ ነው የሚያንገበግበው። መታወቂያዬ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል።

አሳድሼ፣ ውሉን በጽሑፍ አድርገን አስመዘገብን። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ እንደ ልብ መጨመርም የለም። ለመስከረም ያሰብኳት አምስት ሺህ ብር በዚያው ቀረች።