ፈረስ የሌለበት የፈረስ ጨዋታ

በአሜሪካ አገር በሕዝብ መዋኛ ግንብ ላይ ከሚለጠፉት የተግሣጽ ቃላት መካከል፣ መሮጥ ክልክል ነው ከሚለው አጠገብ፣ ‹ሆርስፕሌይ› ክልክል ነው የሚል ስለሚገኝ፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው፣ እኔም ከነዚያው አንዱ ነበርሁና፣ ቃሉን በቁሙ ፈትቶ የፈረስ ጨዋታ መከልከሉን ከተረዳ በኋላ፣ ከመነሻውስ ፈረስ ስቦ ወደ መዋኛ የሚመጣ ማን ኖሮ ነው ሲል ዙሪያውን ቢቃኝ አይፈረድበትም። እኔ ስቃኝ ያገኘሁት ሁለት ጎረምሶችን ነው፤ አንደኛው እርጥብ ፎጣውን እንደ ገመድ ገምዶ የጓደኛውን ባት ሲሾጠው፣ ተገራፊው በሳቅ እያነባ አንገቱን አንቆ ወደ ውሃው ይጎትተዋል፤ ጠባቂው ፊሽካ ሲነፋ ለአፍታ ጨዋ ሆነው ቆዩ።

የእኛ ቋንቋ ይህን ግብር ልፊያ ብሎ ሲጠራ በማንም እንስሳ አላላከከም። እንግሊዞች ግን ከ16ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ በፈረስ ስም ሲጽፉት ኖረዋልና፣ ነገሩን በአንድምታ መመርመር ግድ ይላል። ‹ፈረስ› አለ፤ እንስሳው ነው፤ ወንድ ውርንጭላ ከእኩያው ሲላፋ በኋላ እግሩ ቆሞ አንገት ይናከሳልና። አንድም፣ ሻካራውንና ደንዳናውን ሁሉ ፈረስ ማለት የእንግሊዞች ልማድ ነው፤ የሚያስካካውን ሳቅ የፈረስ ሳቅ፣ አፍንጫ የሚሰነጥቀውንና ለፈረስ መኖ የማይሆነውን ሥር የፈረስ ፍጅል ይሉታል። ይህ ሁለተኛው ይበልጣል፤ የፈረሱ በደልም በዚያው ልክ ይከብዳል።

ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው እያለ ንጉሡን በፈረስ ስም በሚጠራ ሕዝብ መካከል ላደገ ሰው፣ የፈረስ ጨዋታ ማለት ጉግስ ነው፤ አሳዳጁ ዘንጉን ሲወረውር፣ ሸሹ በሙሉ ግልቢያ ላይ ሳለ ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ሲመክት፣ ከተመልካቹ በቀር የሚስቅ የለም፤ ፈረሱማ ፈጽሞ።

ይህን ሁሉ በመዋኛው ዳር ቆሜ ሳወጣና ሳወርድ፣ ጠባቂው ፊቱን በመለሰበት ቅጽበት ያ እርጥብ ፎጣ ዒላማውን ስቶ የእኔን ባት አገኘ፤ ድምፁም ጥርት ያለ የአለንጋ ድምፅ ስለ ነበረ፣ ወደ ፊት ዘልዬ ካረፍሁ በኋላ ሦስተኛ አንድምታ ሊኖር እንደሚችል ተገነዘብሁ።