«ለምን ዝም አትልም?»

እኔ ጠብ አልወድም። ጠብ ማየት ግን፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኛል፤ በተለይ የመሪዎችን ጠብ። የሠፈር ጠብ ዕዳ አለው። ቆመህ ካየህ «ምስክር ሁን» ትባላለህ፤ ካለፍክ «አይቶ እንዳላየ ሄደ» ተብለህ ትታማለህ፤ ዕድሜህ ገፋ ካለ ደግሞ ጋቢህን ደርበህ ለሽምግልና መቀመጥህ አይቀርም። ሁለት ርእሰ ብሔሮች ሲሰዳደቡ ግን ካንተ የሚጠበቀው ሪሞት መያዝ ብቻ ነው።

ከዚህ ዓይነቱ ጠብ ሁሉ እኔ የማስበልጠው የቬንዙዌላውን ፕሬዚዳንት የሁጎ ቻቬዝንና የስፔኑን ንጉሥ የሁዋን ካርሎስን ነው። ቀኑ ጥቅምት 30 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ የእኛ የሚሌኒየም ጭፈራ ገና ከጆሯችን አልወጣም። ቦታው ሳንቲያጎ፣ ቺሊ፤ የስፔን፣ የፖርቱጋልና የላቲን አሜሪካ መሪዎች የተሰበሰቡበት ጉባኤ መዝጊያ። ቻቬዝ የቀድሞውን የስፔን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆሴ ማሪያ አዝናርን ፋሺስት አሏቸው። ይህ አልበቃ ብሏቸው ከፋሺስት ይልቅ እባብ ሰብአዊነት አለው አሉ። (እባቡን የጠየቀው የለም።)

መልስ የመስጠቱ ተራ ለጊዜው የስፔን ጠቅላይ ሚኒስትር ለሳፓቴሮ ደረሰ። እሳቸው ሶሻሊስት፣ አዝናር ወግ አጥባቂ፤ በአገራቸው ፖለቲካ ዓይንና ናጫ ናቸው። ሆኖም ሰውየው በጨዋ ደንብ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ አዝናር በስፔን ሕዝብ የተመረጡ ስለሆኑ አክብሮት ይገባቸዋል ማለት ጀመሩ። የቻቬዝ ማይክራፎን ተዘግቷል፤ አፋቸው ግን አልተዘጋም። ሳፓቴሮ አንድ ሐረግ በተናገሩ ቁጥር እሳቸው ሁለት ይጨምሩበታል። ሰብሳቢዋ ሚሼል ባችሌት አደብ ለማስያዝ ይጥራሉ። ይኼኔ ነው ንጉሡ ወደ ፊት ሰገግ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ቻቬዝ ዘርግተው፣ «ለምን ዝም አትልም?» ያሉት። አንቱታ የለ፣ ክቡር ፕሬዚዳንት የለ።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እኔን የሚያሳዝኑኝ ሳፓቴሮ ናቸው። ስለ አክብሮት እያስተማሩ የገዛ ንጉሣቸው በዚያ መልክ ሲያግዟቸው ምን ይበሉ? ንግግራቸውን ቀጠሉ። ቀጥሎ የኒካራጓው ዳንኤል ኦርቴጋ ለቻቬዝ ወግነው በአንድ የስፔን የመብራት ኩባንያ ላይ ምሬታቸውን ሲያወርዱ ንጉሡ ብድግ ብለው ከአዳራሹ ወጡ።

ዋናው ጨዋታ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል፤ የስፔን ሳር ግን ካናቴራ አትሞ ሸጠ። ዐረፍተ ነገሩ በሲኒ ላይ ወጣ፣ ዘፈን ሆነ፣ የስልክ ጥሪ ሆነ። የስልክ ጥሪውን የጫኑት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደነበሩ በጊዜው ተዘግቧል። እስቲ አስቡት፤ አውቶቡስ ውስጥ የአንዱ ሰውዬ ኪስ «ለምን ዝም አትልም?» ብሎ ይጮኻል፤ ሰውየውም ስልኩን አውጥቶ ማውራት ይጀምራል።

ቻቬዝ ደግሞ ንጉሡ ያሉትን በሰዓቱ አልሰማሁም አሉ። ሲሰደቡ አልሰማሁም ማለት የብልህ ነው። እሳቸው ግን ስላልሰሙት ነገር ቀናት ሙሉ ተናገሩ፤ የ500 ዓመቱን የቅኝ ግዛት ታሪክ አነሡ፣ ንጉሡ ይቅርታ ይጠይቁ አሉ፣ የስፔን ኩባንያዎችንም በዓይነ ቁራኛ እንደሚያዩ አስጠነቀቁ። የአገራቸው ተቃዋሚ ወጣቶች በበኩላቸው የንጉሡን ቃል ካናቴራ ላይ አትመው ለብሰው ሰልፍ ወጡ። ኅዳር 22 በተደረገው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሕዝበ ውሳኔ ቻቬዝ በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ። ካናቴራው አሸነፋቸው ማለቴ አይደለም።

መቼም ቻቬዝ የስድብ ጀማሪ አልነበሩም። መስከረም 10 ቀን 1999 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ የጊዜው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በዋዜማው በተናገሩበት መድረክ ላይ ቆመው፣ ትናንት እዚህ ሰይጣን መጥቶ ነበር፣ ዛሬም ድኝ ድኝ ይሸታል አሉና አማተቡ። አዳራሹ ውስጥ የሳቀም ያጨበጨበም ነበር። ቡሽን ጧትና ማታ የሚያብጠለጥሉት ዴሞክራቶች ግን ተቆጡ። ናንሲ ፔሎሲ ቻቬዝን ተራ ዱርዬ ሲሉ፣ የሃርለሙ ቻርልስ ራንግል ደግሞ አገሬ ድረስ መጥተህ፣ እኔ በተመረጥኩበት ሠፈር፣ ፕሬዚዳንቴን አትሰድብም አሉ። ስድቡ የቤተሰብ ነበርና ባዳ ሲገባበት ደማቸው ፈላ።

ከዚህ ሁሉ ያተረፉት ፕሮፌሰር ኖም ቾምስኪ ናቸው። ቻቬዝ በዚያው ንግግር መጽሐፋቸውን ከፍ አድርገው አንብቡት ስላሉ፣ በቀናት ውስጥ ከአማዞን የሽያጭ ዝርዝር አናት ላይ ወጣ። እኔም መጽሐፍ ያሳተምኩ ሰው ነኝ፤ የተረፈው ቅጂ አልጋ ሥር አለ። መሰደብ የሚፈልግ ፕሬዚዳንትና መስደብ የሚችል ፕሬዚዳንት ከተገኙ አንድ ካርቶን በነፃ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ወደ ንጉሡ ልመለስ። የሳንቲያጎው ወሬ በዲሽ ሲመጣ እኔ ቡና የምጠጣበት ቤት ሁለት ተከፈለ። በአንድ ወገን ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሹም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፤ በሌላው ወገን ወጣቱ አስተናጋጅ።

«ንጉሥ ዝም በል ካለ ዝም ነው» አሉ ጋሼ።

«የሳቸው ንጉሥ አይደሉማ፣ ጋሼ! በሰው አገር ፕሬዚዳንት ምን አገባቸው? ቻቬዝን ሕዝብ ነው የመረጣቸው። እኚህን ማን መረጣቸው?»

«እግዜር» አሉና ማኪያቷቸውን ፉት አሉ።

እውነቱን ለመናገር ንጉሡን አልጋ ወራሽ አድርገው የመረጧቸው ጄኔራል ፍራንኮ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1969። ሁሉ ነገር የተነሣው ፋሺስት በሚል ስድብ ነውና በዚያ ሰዓት ይህን ብናገር ከሁለቱም መጣላቴ ነው። ንጉሡ ያዘዙትን ዝምታ እኔ ፈጸምኩት። ጋሼ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ በሚያስተናግድበት በኩል አልቀመጡም።

ሐምሌ 18 ቀን፣ ዓመት ሳይሞላ፣ ቻቬዝ ወደ ማዮርካ ደሴት ወደ ንጉሡ የበጋ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ሁለቱ ተጨባበጡ። ቻቬዝ «ለምን ወደ ባሕር ዳርቻ አንሄድም?» ብለው ቀለዱ። ንጉሡም «ለምን ዝም አትልም?» የሚለው ዐረፍተ ነገራቸው የታተመበትን ካናቴራ በስጦታ ሰጧቸው።

ይህን የምሥራች ይዤ ወደ ቡና ቤቱ ሄድኩ። ልጁ ቆሞ፣ ጋሼ ወዲያ ማዶ ተቀምጠው፣ እየተገላመጡ አዳመጡኝ። ጋሼ ዝም ብለው ሲያስቡ ቆዩና፣

«ካናቴራው ልኩ ነበር?» አሉ።

«ይጠበዋል፣ ጋሼ» አለ ልጁ፤ «ሰውየው ወፍራም ነው።»

ጋሼ ማኪያቶ አዘዙት።