ኪስራን በመረጃ ቋት ውስጥ ስለ መፈለግ፦ ከካርቱም የቀረበ ቅድመ ጥናት

ኪስራ ካርቱም ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ በየቤቱ ይገኛል። የማሽላው ሊጥ ሲቦካ በጋለ ምጣድ ላይ ይፈስና ገርገሪባ በምትባል የዘንባባ ቁራጭ ተገፍቶ ስስ ሆኖ ይወጣል። ከእንጀራ ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው፤ ዓይን ብቻ የለውም። ይህ ጥናት ግን የሚመረምረው የቤተ መጻሕፍቱን መረጃ ቋት ነው፤ በሳይንስ ዘንድ የሚቆጠረው ተገምግሞ የታተመው እንጂ የተበላው አይደለምና።

ጀማሪ ፈላጊ የምግቡን ስም ብቻ ይጽፋል። የሚመጣለት የፋርስ ንጉሥ ነው። ዓረቦች የሳሳኒድ ነገሥታትን ኪስራ ይሏቸዋል። በናይጄሪያ ቦርጉ ደግሞ ኪስራ የተባለ ጀግና ከምሥራቅ ተሰዶ መጣ የሚል አፈ ታሪክ ስላለ፣ የታሪክ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል። ፈላጊው ምሳውን ሲያስስ ሥርወ መንግሥት ላይ ይወድቃል ማለት ነው። መፍትሔው «ኪስራ» ከሚለው ቀጥሎ «እና ማሽላ» ብሎ መጨመር ነው። ፋርስን ለመጣል የዓረብ ጦር ዓመታት ፈጅቶበት ነበር፤ አንዲት «እና» በቅጽበት ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ ቁም ነገር ይመጣል። ኤል ቲናይና ባልደረቦቹ በ1979 የኪስራን የምግብ ይዘት አጥንተው አሳትመዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ቋቱ ሌላ አያውቅም።) በ1991 በወጣ ጽሑፍ ደግሞ ሊጡን በዋናነት የሚያቦካው ፔዲዮኮከስ ፔንቶሳሴየስ የተባለ ባክቴሪያ እንደሆነ ተገለጸ። የጥናቱ አድራሻ አሜሪካ፣ ኢንዲያና፣ ፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባክቴሪያው ቪዛውን እንዴት እንዳገኘ አልተብራራም።

የብዙ ጥናቶች አጭር መግለጫ በነጻ ይነበባል፤ ሙሉው ግን በዶላር ይሸጣል። ሱዳን ከ1997 እስከ 2017 በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር ስለነበረች፣ ኪስራውን እየበላ ስለ ኪስራው ሊያነብ የፈለገ የካርቱም ሰው መብላቱን ብቻ ቀጠለ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2003 ለድሆች አገሮች የምርምር ጽሑፍ የሚያስነብብ አጎራ የተባለ አገልግሎት ቢከፍትም፣ በሩ ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይከፈትም።

በመስኩ ትልቁ ሥራ የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሐሚድ ዲራር በ1993 ስለ ሱዳን አገር በቀል የቦኩ ምግቦች ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ካዋል ስለሚባለው፣ ቅጠል ቦክቶ ስለሚሠራውና ሽታው ከጣት ስለማይለቀው ምግብ የጻፈውን በባዶ ሆድ ማንበብ አይመከርም። ዲራር ብዙውን ነገር የጠየቀው በዕድሜ የገፉ የገጠር ሴቶችን ነው። መጽሐፉን መረጃ ቋቱ ውስጥ በደራሲው ስም ማግኘት ይቻላል። ሴቶቹን በስም መፈለጊያም፣ በርዕስ መፈለጊያም፣ በቁልፍ ቃልም ሞክረናል።

ስለ ግምገማ ጥቂት እናክል። የሱዳን ጦርነት በ2023 ከመነሳቱ በፊት በካርቱሙ ዴይም፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ የኪስራ ግምገማ በየቀኑ ይካሄድ ነበር። ገምጋሚዋ ጎረቤት ናት፤ እንደ መጽሔቶቹ ገምጋሚ ማንነቷ አይደበቅም፣ ድምፅዋም ከግቢ ውጭ ይሰማል። ጠርዙን ቆርሳ ትቀምሳለች፤ «ሊጡ አልደረሰም፣ ውሃም ያንሰዋል፣ ግን ይበላል» ትላለች፤ ማለትም በጥቂት ማስተካከያ ተቀባይነት አግኝቷል። መጽሔቶች ብዙውን ጊዜ ለገምጋሚ አይከፍሉም። እሷ ግን ከላይ ያሉትን ሦስቱን አጥፋ ይዛ ትሄዳለች።